አንዴ የሰጠ አፈር

ከዋሳው በስተሰሜን፣ ከወተት ላሞቹ ማዶ፣
አራት ኤከር መሬት አለ በጥቁር መረብ ተጋርዶ።
ፀሐይ እዚያ በወንፊት ነው፣ ተነፍታ የምትገባ፤
የር ሙዋ በጉልበቷ ትድኻለች፣ አረም ስትነቅል ከጠባ።

አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። ጂንሰንግ ጥድፊያ አያውቅም፤
በየመኸሩ አገዳው ሲረግፍ፣ ጠባሳ ሳይተው አይወድቅም።
ዕድሜውን የፈለገ ሰው አንገቱን ዳስሶ ይቆጥራል፤
ሰው ግን ያለፈ ዓመቱን ከኮሌታው ሥር ይሰውራል።

መሬቱ የኦርቪል ክሬመር ነው። ሲዋዋሉ ጠይቃው ነበር፦
"ይህ ሥር እዚህ በቅሎ ያውቃል?"
"በጭራሽ" አለ፤ "በቆሎና አጃ ነው የማውቀው ከልጅነቴ፣
ከዚያም በፊት ግጦሽ ነበር፣ እንደነገረችኝ እናቴ።"
ጥያቄው ወግ ነው፤ ያገሩ ሥር ማሽ ሁሉ ሕጉን ያውቃል፦
ጂንሰንግ አንዴ የወጣበት አፈር ዳግመኛ የመጣውን ያንቃል።
ሃምሳ ዓመት ጦም ቢያድር፣ ፍግ ቢጠግብ፣ ቢገለበጥ፣
ለዚያ ሥር ሁለተኛ ማኅፀን አይሰጥ።
ለምን? የማድሰን ምሁራን ገና ይከራከራሉ፤
አሮጌዎቹ ገበሬዎች "ቂም ነው፣ ቂም" ይላሉ።

ጥቅምት ላይ መቆፈሪያው ገባ። የመጀመሪያው መደብ ተገለበጠ።
እኔ ሥር ለማጠብ የተቀጠርኩ ነኝ፤ ባልዲዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።
የር አንዱን አነሣች፣ ጭቃውን በአውራ ጣቷ ጠረገች።
ሰው መሰል ነው እንደ ወጉ፦ ራስ፣ ትከሻ፣ ሁለት እግር፤
ከወገብ በታች ግን ዝገት የበላው፣ ቀይ፣ ፍርፍር።
ሁለተኛውም እንዲያው።
ሃያኛውም።
ልጇ ቶንግ ማሽኑን አጠፋው።
ዝም ባለው እርሻ ውስጥ ጣቷን አንዳች ነገር ወጋት፤
የዛገ ሚስማር፣ ከእንጨት ስባሪ ጋር። ምንነቱ አልጠፋት፦
መረብ ሳይመጣ በፊት፣ በድሮው ሰው ዘመን፣
በእንጨት ርብራብ ነበር ጥላ የሚሠሩለት ለጂንሰንግ።

አመሻሽ ላይ ሄድን። የር ከምላሷ ሥር፣ ሥር ይዛለች፤
"ውስጥህ ሲነድ ያበርዳል" ይላሉ የቻይና ሐኪሞች።
ሳትጮኽ ገባች፤ ሚስማሩን ከክኒኖቹ ጎን አኖረች።
ኦርቪል አየው። ብዙ ቆየ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው።
"አባቴ ነው" አለ፣ "መዶሻው የሱ። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣
ሚስማር ከባርኔጣዬ እያወጣሁ፣ አንድ በአንድ ያቀበልኩ።"
ከዚያ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ "ረስቼው ነበር" አለ።
እውነቱን ይሁን፣ ወይስ ኪራዩ ያስረሳው፣ እኔ አላውቅም፤
እሱም ቢሆን የሚያውቅ አይመስለኝም።

ባትሪ ይዞ ወደ ጓሮው ጫካ መራን፣ ከሜፕሎቹ ሥር።
አባቱ እዚያ በትኖ ነበር፣ ከእርሻው የተረፈውን ዘር።
አንድ ቢጫ አገዳ ቆሟል። የር ተንበረከከች፤
አፈሩን በጣቷ ገልጣ አንገቱን ቆጠረች።
ስልሳ ላይ ጠፋባት። እንደገና ጀመረች።
"ውሰጂው" አላት፣ "ካሳ ይሁንሽ፤ ብዙ ያወጣል።"
አፈሩን መልሳ አለበሰችው፣
ብርድ ልብስ የገፈፈ ሕፃን እንደሚሸፈን።
"ይኸኛው" አለች፣ "እኔን አልበደለኝም።"

በማግስቱ ከወገብ በላይ ያለውን እየቆረጥን አደረቅን፤
ራስና ትከሻ ብቻ። ካሰብነው በርሜል ሩቡን እንኳ አልሞላን።
ከሆንግ ኮንግ የመጣው ገዢ አንዱን ሰብሮ ነከሰ።
መረረው። ጠበቀ። ከጉሮሮው ጣፋጩ ተመለሰ
መሰለኝ፣ ፊቱ ፈታ ብሎ ነበር።
ዋጋውን ግን አልጨመረም።